ካዝናው ከጭቃ ቤት እንዳይነቀል በምን ላስረው?

ደብረ ብርሃን ያለው ቤታችን ግድግዳው እንጨትና ጭቃ፣ ወለሉ ስስ ሊሾ ነው። አባቴ በጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መሠረት ፈቃድ ያወጡበት ጠመንጃ፣ የባለቤቴ የአንገት ወርቅና የቤቱ ካርታ እዚሁ አሉ። በቅርቡ ሌቦች የጎረቤታችንን ካዝና ሳይከፍቱ እንዳለ ተሸክመውት ሄዱ። እኛም ጠመንጃውን በቁመቱ የሚችል የላሜራ ሳጥን በበያጅ አሠራን። ግድግዳው ግን አልያዝ አለ፤ ብሎኑን ባጠበቅነው ቁጥር ምርጊቱ ከነጭዱ ይረግፋል፣ ማገሩም አርጅቷል። ጥይቱን ለይተን በሌላ ቁልፍ ቆልፈንበታል፤ ልጆች ስላሉ በዚህ አላወላውልም። አልጋ ሥር መደበቅም መላ አይሆንም፤ ሌባ መጀመሪያ የሚፈትሸው እሱን ነው። አሁን ያሰብኩት ሊሾውን ሰብሬ፣ ፌሮ አስሬ፣ በአርማታ ሞልቼ ሳጥኑን ከወለሉ ጋር በብሎን ማሰር ነው። የሚያሳስበኝ ከመሬት የሚወጣው የክረምት እርጥበት ነው። ሳጥኑ እንዳይነቀል፣ ጠመንጃውም እንዳይዝግ አርማታውን ምን ያህል ላጥልቀው፣ ከሥሩስ ምን ላንጥፍ?