ጎመኔን ክሽክሽ ጨረሰብኝ

የሱሉልታዋ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሱሉልታ ጓሮዬ ውስጥ ሁለት መደብ ጎመን አለኝ። ሰሞኑን ቅጠሉን ስገለብጠው አመድ የተነሰነሰበት ይመስላል፤ ለካ ክሽክሽ የሚሉት ጥቃቅን ተባይ ነው። ለልጆቼ በየቀኑ ስለምቀነጥስላቸው የሱቁን መድኃኒት ፈራሁት። ነጭ ሽንኩርትና ሚጥሚጣ ወቅጬ፣ ዘፍዝፌ አሳድሬ፣ የዱቄት ሳሙና ጨምሬ በጠራራ ፀሐይ ረጨሁት። ክሽክሹ ቀነሰ፣ ቅጠሉ ግን ተቃጠለ! (ዓይኔንም አልማረኝ።) ምን አጠፋሁ?

አባ ጓሮ፦ እህቴ፣ ጥፋቱ የዱቄት ሳሙናውና ሰዓቱ ነው። ለ1 ሊትር ውሃ 1 የሻይ ማንኪያ ለስላሳ ፈሳሽ ሳሙና ይበቃል። መጀመሪያ አንድ ቅጠል ላይ ሞክሪው። ፀሐይ ስትበርድ እርጪ። ሳሙና የሚገድለው የነካውን ብቻ ስለሆነ የቅጠሉን ጀርባ በደንብ አርሺው፤ በሳምንቱ ድገሚ። ስትቀነጥሺም አጥበሽ።

የሰበታው፦ እኔ ከድሬዳዋ የኒም ዛፍ ፍሬ አስልኬ ወቅጬ፣ ዘፍዝፌ እረጫለሁ። ይሠራል፤ ሽታው ግን አይጣል ነው።

የሱሉልታዋ፦ ተባረኩ። ያቺ ጥቁር ነጠብጣብ ያላት ቀይ ጥንዚዛስ? እየለቀምኩ ስገድላት ነበር።

አባ ጓሮ፦ ኧረ ተያት! እሷም ጫጩቶቿም ክሽክሹን ነው የሚበሉት።