ለኮፍያ የሎጎ ፓች ላሠራ ነው፣ ጽሑፉ እንዳይጠፋ ምን ላድርግ?

ተጓዡ፦
ሰላም ቤተሰብ! ለእግር ጉዞ ቡድናችን ኮፍያ ልናሠራ ነው። ሎጎውን ኮፍያው ላይ በቀጥታ ከማስጠለፍ ፓች (ለብቻው ተሠርቶ ኮፍያው ላይ የሚሰፋ ቁራጭ) አሠርተን እናሰፋለን ብለን ተስማምተናል። ሎጎው ክብ ነው፤ መሃሉ ላይ ተራራ አለ፣ ከተራራው ጀርባ ፀሐይ ትወጣለች፣ ዙሪያውን የቡድኑ ስም፣ ከስር ደግሞ በደቃቅ ፊደል መፈክራችን። የፀሐይዋ ቀለም ከቢጫ ወደ ቀይ ቀስ እያለ የሚሄድ ነው። ስልክ ላይ በጣም ያምራል፣ ግን 6 ሴንቲ ላይ ሲወርድ ምን ይሆናል? የተጠለፈ ይሻላል፣ የተሸመነ ወይስ ቆዳ? የምታውቁ እስቲ ምከሩኝ።

ክርና መርፌ፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ሎጎውን ልክ 6 ሴንቲ አድርገህ ወረቀት ላይ አትመው። ቆርጠህ ኮፍያ ላይ ለጥፈውና አንድ ሰው አድርጎት ሁለት ሜትር ያህል ራቅ ብለህ እየው። እዚያ ያልተነበበ ነገር ክር ላይ ፈጽሞ አይነበብም። መፈክሩን ከአሁኑ አውጣው። የተለመደው የጥልፍ ክር ውፍረቱ 0.4 ሚሊ ሜትር አካባቢ ስለሆነ የላቲን ትልልቅ ፊደል እንኳ ቁመቱ ከ5 ሚሊ ሲያንስ መደፈን ይጀምራል። የእኛ ፊደል ደግሞ ይብሳል። «ቤ»ን ተመልከት፤ እግሯ ላይ ያለችው ቀለበት በክር ከተሞላች ከ«ቢ» የሚለያት ነገር የለም፣ ስማችሁም ሌላ ሆኖ ይነበባል። እኔ ለግዕዝ ፊደል ከ7 ሚሊ በታች አልወርድም። ፊደሉም ወፈር ያለ፣ መሃሉ ክፍት የሆነ ይሁን። ፀሐይዋን ቢጫ፣ ብርቱካንማና ቀይ አድርገህ በሦስት ግልጽ ቀለም ክፈላት። ቀስ እያለ የሚቀየር ቀለም በጥልፍ ሲሠራ የተዝረከረከ ይመስላል።

ሸማኔ ነኝ፦
በመፈክሩ እስማማለሁ፣ ግን ጥልፍ ብቻ አይደለም ያለው። የተሸመነ ፓች ክሩ በጣም ቀጭን ስለሆነ ደቃቅ መስመርና ፊደል ከጥልፍ የተሻለ ይይዛል። ገጹ ግን ልሙጥ ነው፣ ያ የጥልፍ እብጠት የለውም። ተራራህ ብዙ መስመር ካለው እኔ ወደ ሽመና አደላለሁ። ቆዳ ላይ በሌዘር ሲቃጠል ተራራው ያምራል፣ ፀሐይዋ ግን ቀለሟን ታጣለች፤ ቀለሙ ለእናንተ ትርጉም ካለው ቆዳን ተወው። ሌላው፣ ጠርዙ በወፍራም ክር የሚቀመቀም ከሆነ ዙሪያውን 3 ሚሊ ገደማ ይወስድብሃል። ስማችሁ ዙሪያውን ስለሚዞር ከጠርዙ ወደ ውስጥ ገባ አድርገው።

ኮፍያ ሰፊ፦
ሁላችሁም ስለ ፓቹ ብቻ አወራችሁ፣ ኮፍያውስ? ከ6 ቁራጭ የተሰፋ ኮፍያ ግንባሩ መሃል ላይ ስፌት ያልፋል፣ ፓቹ እዚያ ላይ ሲያርፍ ጉብ ይላል። ከ5 ቁራጭ የተሰፋው ግን ፊቱ አንድ ወጥ ነው፣ ውስጡ ጠንካራ ገበር ካለው ደግሞ ፓቹ ተስተካክሎ ይቀመጣል። ኮፍያው አጭር ከሆነ 6 ሴንቲ ክብ ሊበዛበት ይችላል፣ የላይኛው ጠርዝ ከኮፍያው ይነሳል። ስለዚህ ኮፍያውን ምረጥና ግንባሩን ለካ፣ ከዚያ ነው የፓቹን መጠን መወሰን ያለብህ። በሙቀት የሚለጠፍ ሙጫ ብቻውን አይበቃም፤ የእግር ጉዞ ኮፍያ ላብና ፀሐይ ሲፈራረቁበት ይውላል፣ ዙሪያውን ይሰፋ። የሚለጠጥ የሹራብ ኮፍያ ከሆነማ ሙጫውን ጭራሽ አታስበው።

ተጓዡ፦
በጣም አመሰግናለሁ! መፈክሩን ኮፍያው ውስጥ በሚሰፋው ጨርቅ ላይ ብናሳትመውስ? የሎጎው ፋይል ደግሞ ከስልክ የተላከ ፎቶ ብቻ ነው ያለኝ።

ክርና መርፌ፦
ውስጡ ላይ ማሳተም ጥሩ ሐሳብ ነው፣ ሕትመት ደቃቅ ፊደል ይችላል። ፎቶው ግን ሲያጎሉት ይደበዝዛል። ሎጎውን የሠራላችሁን ሰው የቬክተር ፋይሉን (ቢያጎሉት የማይደበዝዘውን) ጠይቁት፣ ከሌለው እንደገና ይሳል። ጥልፍ ሠሪው ያንን ፋይል አይቶ እያንዳንዱ ስፌት በየት አቅጣጫ እንደሚሄድ ለማሽኑ ያዘጋጃል። ሙሉውን ከማዘዝህ በፊት አንድ ናሙና አሠርተህ ኮፍያው ላይ አሰፋው፤ «ቤ»ዋን በዓይንህ አይተህ ነው ቀጥሉ የምትለው።