ወፍጮ ሸጠን ክትትሉን ማስከፈል አቃተን

ሰላም ለሁላችሁ። አዳማ ላይ የእህል ወፍጮ የምናመርት 9 ሰዎች ነን። እስካሁን ሥራችን ማሽን ሸጦ መሸኘት ነበር። ደንበኛው ተመልሶ የሚደውለው ዲናሞ ሲቃጠል ወይም ኩሽኔታ ሲያልቅ ነው። ያኔ ወፍጮ ቤቱ ቆሟል፣ እህል ተሸክመው የመጡ እናቶችም ተመልሰዋል። ይሄ ሁሌም ያንገበግበኛል።

ከሸጥን በኋላ ማሽኑን እየተከታተልን ለማስከፈል ያሰብኩት ከአውሮፕላን ሞተር ተነስቼ ነው። በ1962 እ.ኤ.አ. የእንግሊዙ የአውሮፕላን ሞተር አምራች ብሪስቶል ሲድሊ ሞተሩ በሠራበት ሰዓት ልክ ማስከፈል ጀመረ። በኋላ ኩባንያውን የገዛው ሮልስ ሮይስ ይህንኑ አሠራር አስፋፋው። ሞተሩ ከቆመ አምራቹም ይጎዳል። የወደድኩት ይህን ነው።

እኛም በ12 ወፍጮዎች ላይ የዲናሞውን ሙቀትና የሚስበውን ከረንት የሚለካ መሣሪያ ገጠምን። መረጃውን በሲም ካርድ ይልካል፤ መብራት ሲጠፋም በባትሪ ይሠራል። በነፃ ሙከራው 3 ወር ውስጥ 2 ዲናሞ ሳይቃጠል ደርሰንለታል። በቴክኒክ በኩል ችግር የለብንም።

ችግሩ የመጣው በወር 600 ብር ስንጠይቅ ነው። 10ሩ እምቢ አሉ። "ማሽኑን ገዝቼዋለሁ፣ የምን ወርሃዊ ነው?" አሉን። 400 ብር አደረግነው፤ ማንም ሐሳቡን አልቀየረም። በተፈጨው ኩንታል ልክ ይሁን ስንል ደግሞ ገቢያችንን ልትቆጥሩብን ነው ብለው ፈሩ። አልፈርድባቸውም።

አሁን ሁለት መንገድ ይታየኛል። የአንድ ዓመት ክትትል በማሽኑ ዋጋ ውስጥ ማካተት፣ ወይም "ዲናሞ ከተቃጠለ ወጪው የኛ ነው" የሚል ዋስትና ጨምሮ ወርሃዊውን ማስቀጠል። ማሽን እየሸጣችሁ አገልግሎት ማስከፈል የቻላችሁ፣ ደንበኛ ሁለተኛው ዓመት ላይም እንዲከፍል ያደረገው የትኛው ነው?