የዘጌ ቡና ማሸጊያ ላይ የቁም ጽሕፈት ይግባ ወይስ አይግባ?

ጥያቄውን ያነሳሁት እኔ፦ ባሕር ዳር ውስጥ ቡናና ማር አሽገን የምንሸጥ ሰዎች አዲስ ስቲከር ልናሳትም ነው። ገሚሶቻችን እንደ ብራና መጽሐፍ በእጅ በሚጻፈው በቁም ጽሕፈት ይሁን እንላለን። ሌሎቹ ነውር ነው ይላሉ። እስቲ ሐሳባችሁን ስጡን።

ቡና ቆይዋ፦ እኔ ይሁን ባይ ነኝ። ገበያ ላይ ያለውን ፓኬት እዩት። ስሙን ብትሸፍኑት የማን እንደሆነ አይለይም፤ ሁሉም አንድ ፎንት ነው። የቁም ጸሐፊ ፊደል ግን ዓይን ይይዛል። በመቃ ብዕር ሲጻፍ ቁሙ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። ሰው እንደጻፈው ያስታውቃል። ደንበኛዬ ቡናውን ሳያሸት በፊት ፊደሉን በጣቱ ሲከተል አይቻለሁ።

ዲያቆኑ፦ እህቴ፣ ውበቱን ማን ይክዳል? ግን በጣና ገዳማቱ፣ በዑራ ኪዳነ ምሕረትና በክብራን ገብርኤል ያሉት ብራናዎች የሚጸለይባቸው ናቸው። በቀይ ቀለም የሚጻፈው የእግዚአብሔርና የእመቤታችን ስም ነው። በዚያ ቀለም «የተቆላ፣ 250 ግራም» ልትሉ ነው? ፓኬቱ እኮ ነገ አስፋልት ላይ ይረገጣል።

ዲዛይነሩ፦ የቀዩ ነገር ልክ ነህ፣ ይቅር። ፊደሉ ግን ለጸሎት ብቻ አልኖረም። የነገሥታት ደብዳቤና የርስት ውልም የተጻፈው በእሱው ነው። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ትንሽ ፓኬት ላይ ቀጭኑ መስመር በኅትመት ይጠፋል። የ«ሌ» ቀለበት ቀለም ይሞላውና «ሊ» ይመስላል። ስለዚህ ስሙ ብቻ በእጅ ይጻፍ። ክብደቱና የአገልግሎት ማብቂያ ቀኑ በተለመደው ፎንት ይሁን፤ እናቶቻችን ያለ መነጽር ማንበብ አለባቸው።

ማር ሻጩ፦ ጸሐፊውን ረሳችሁት! ከገዳም መጽሐፍ ፎቶ አንስቶ ፊደሉን መገልበጥ ሌብነት ነው። በዚህ ሙያ የሚኖሩ ሰዎች አሉ። ብራና ፍቀው፣ ቀለም በጥብጠው ዓመታት የተማሩት ነው። አንዱን ጠርተን፣ በደንብ ከፍለን እናጽፈው። ለማተሚያ ቤት የምንከፍለውን ለእሱ ምን ያሳሳናል?

ዲያቆኑ፦ በዚህ እስማማለሁ። ግን ጸሐፊው እምቢ ካለ እንዳትጫኑት። ሐረጉንም ተዉት። እሱ የመጽሐፍ ራስ ጌጥ ነው፣ የከረጢት አይደለም።

ቡና ቆይዋ፦ ቀዩን ትቻለሁ። ጸሐፊውም ይከፈለው፣ ደስ ይለኛል። ሐረጉን ግን አልተውም። የሐበሻ ቀሚሴ ጥለት ላይም ሐረግ አለ፤ ለብሼው ገበያ እወጣለሁ፣ ቡናም አፈላበታለሁ። ማንም ነውር ነው ብሎኝ አያውቅም።