ጋላፓጎስ በትንሽ መርከብ ልንሄድ ነው፤ ዋና ብዙም አልችልም፣ ስኖርክሊንጉን ምን ላድርገው?

ጥያቄ፦ ሰሊ ከሜሪላንድ

ሰላም እንዴት ናችሁ? እኔና ባለቤቴ ነሐሴ መጀመሪያ ላይ ኢኳዶር፣ ጋላፓጎስ ደሴቶች ልንሄድ ነው። መርከቧ 16 ተሳፋሪ ብቻ የምትይዝ ትንሽ ናት። የያዝነው የምዕራቡን መስመር ነው። ፕሮግራሙን ሲልኩልን አንዱ ቀን አስጨነቀኝ። ጠዋት ፈርናንዲና ደሴት፣ ፑንታ ኤስፒኖሳ በእግር ጉብኝት፣ ከዚያ እዚያው ስኖርክሊንግ (ማስክና መተንፈሻ ቱቦ አድርጎ፣ ፊትን ውኃ ውስጥ ነክሮ እየተንሳፈፉ ማየት)። ከሰዓት ኢሳቤላ ደሴት፣ ፑንታ ቪሴንቴ ሮካ፣ ከጀልባ በቀጥታ ባሕሩ ውስጥ ተገብቶ ሌላ ስኖርክሊንግ።

እኔ የምዋኘው ገንዳ ውስጥ ነው፣ ያውም እግሬ መሬት እስከነካ ድረስ። ባለቤቴ ባሕር ዳር ያደገ ስለሆነ ውኃ አይፈራም፣ «ምን ችግር አለው» ይላል። ልግባ ወይስ ጀልባው ላይ ልቅር? ውኃው ይበርዳል? ሹሩባ ተሠርቼ ብሄድ ማስኩ ያስቸግረኛል? ደግሞ ፍልሰታ ላይ ስለሚውልብን የምግቡ ነገር አሳስቦኛል።

መልስ፦ ዘላኑ

እህቴ፣ ግቢ። ግን ሁለቱን ቦታዎች እኩል አትይያቸው።

ፑንታ ኤስፒኖሳ ላይ ወደ ዳር ጠጋ ብለሽ ከቆየሽ ጥልቀቱ ያን ያህል አያስፈራም። ድንጋዩ ይታይሻል፣ ልብሽ ይረጋጋል። ፑንታ ቪሴንቴ ሮካ ግን ገደሉ ቁልቁል ባሕር ውስጥ ነው የሚገባው። ከሥርሽ ወለሉ ላይታይሽ ይችላል። ዋና የሚችል ሰው እንኳን መጀመሪያ ላይ ይደነግጣል። ስለዚህ የጠዋቱን ሞክሪ። ከተመቸሽ የከሰዓቱንም ትገቢያለሽ፣ ካልተመቸሽ ጀልባዋ ላይ ትቀሪያለሽ። እዚያ «ፓንጋ» ነው የሚሏት ጀልባዋን። በገደሉ ሥር ስትዞሩ ከፓንጋው ላይ ሆነሽ ፔንግዊንና ሰማያዊ እግር ያላቸውን ቡቢ ወፎች ማየት ትችያለሽ። የቀረብሽ ነገር ያለ አይምሰልሽ።

ውኃው ይበርዳል፣ እሱን አልደብቅሽም። ከሰኔ እስከ ኅዳር ቀዝቃዛው ወቅት ነው። በምዕራብ በኩል ደግሞ ከጥልቁ የሚወጣ ቀዝቃዛ ውኃ ስላለ ከ20 ዲግሪ በታች ሊወርድ ይችላል። እንስሳው የበዛውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ቀዝቃዛው ውኃ ምግብ ይዞ ይወጣል። እጅና እግር ሙሉ የሚሸፍን ዌትሱት (ብርድ የሚከላከል ወፍራም የጎማ የዋና ልብስ) ጠይቂ፣ አጭሩን ከሰጡሽ እንቢ በይ። ዌትሱት ራሱ ያንሳፍፋል፣ ላንቺ ትልቅ ነገር ነው። ላይፍ ጃኬትም ደርቢበት፣ ማን ያይሻል ብለሽ ነው?

ስትገቢ አትዝለዪ። ፓንጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጪ፣ ማስክሽን በእጅሽ ያዝ አድርጊ፣ ከዚያ ቀስ ብለሽ ተንሸራተቺ። ፓንጋው ከዋናተኞቹ ኋላ ኋላ ይከተላል። እጅሽን ካነሳሽ መጥቶ ይወስድሻል።

አንድ ነገር ግን እንዳያመልጥሽ። ፑንታ ኤስፒኖሳ ላይ ጥቁሩ የላቫ ድንጋይ በባሕር ኢጉዋና የተሸፈነ ነው፤ አንዱ በአንዱ ላይ ተኝቶ ፀሐይ ይሞቃል። በየመሀሉ በአፍንጫው ጨው «ጢስ!» አድርጎ ይተፋል። እነዚያው ናቸው እንግዲህ ውኃ ውስጥ የምታገኚያቸው። በጥፍራቸው ድንጋዩን ቆንጥጠው አልጌውን ይግጣሉ። ማዕበሉ ገፍቶ ያወዛውዛቸዋል፣ እነሱ ግን ድንጋዩን አይለቁም። ባሕር ውስጥ ገብቶ የሚመገብ እንሽላሊት በዓለም ላይ ይሄ ብቻ ነው። ለዚህ ሲባል ትንሽ ብርድ መቻል ያዋጣል።

መልስ፦ ነርሷ

ዘላኑ ያለው ጥሩ ነው፣ እኔ የጤናውን ልጨምር። የልብ ችግር ወይም ደም ግፊት ካለሽ ከመሄድሽ በፊት ሐኪምሽን አማክሪ። ስኖርክል ሲደረግ መተንፈስ ከተለመደው ይከብዳል፤ ብርድና ድንጋጤ ሲጨመርበት ደግሞ ይብሳል። ትንፋሽ ካጠረሽ «ትንሽ ልታገስ» አትበዪ። ወዲያው በጀርባሽ ተንሳፈፊ፣ ማስኩን አውልቂ፣ እጅሽን አንሺ። ሙሉ ፊት የሚሸፍነውን ማስክ እኔ አልመክርሽም። ውኃ ከገባ በአፍ እንደሚያዘው ቱቦ ቶሎ መትፋት አይቻልም።

ከመሄድሽ በፊት ገንዳ ሂጂና ልምምድ አድርጊ። መዋኘቱን ተዪው። ጥልቀት በሌለበት ቆመሽ ማስክና ቱቦ አድርገሽ ፊትሽን ብቻ ውኃ ውስጥ ንከሪ፣ በአፍሽ በቀስታ ተንፍሺ። ብዙ ሰው የሚሸበረው መዋኘት አቅቶት ሳይሆን በአፍ መተንፈስ ስላልለመደ ነው።

መርከቧ ትንሽ ስለሆነች በኢሳቤላ ሰሜን በኩል ሌሊት ስትዞሩ መናወጡ አይቀርም። የማቅለሽለሽ መድኃኒቱን ከመነሳታችሁ በፊት ውሰጂ፤ ካስመለሰሽ በኋላ ብዙም አይረዳም። እንቅልፍ የማያስይዘው የቱ እንደሆነ ፋርማሲ ጠይቂ።

መልስ፦ ቤቲ ሲያትል

የሹሩባውን ለኔ ተዪው 😊 ቀጭን፣ ወደ ኋላ የወረደ ሹሩባ እንዲያውም ይሻላል። የማስኩ ላስቲክ ፀጉር አይነጭም፣ ከውኃ ስትወጪም ማበጠር የለም። ችግሩ ግንባር ላይ ነው። ፀጉር ወይም የሹሩባ ጫፍ በማስኩ ጎማ ሥር ከገባ ውኃ ያስገባል። ግንባርሽ ላይ ቅባት አታብዢ፣ ጎማው ይንሸራተታል። ባለቤትሽ ጺም ካለው ከላይኛው ከንፈሩ በላይ ያለውን አሳጥሮ ይላጨው፣ እሱም ውኃ ያስገባል።

ጾሙን አሁኑኑ በኢሜይል ጻፊላቸው። መርከቧ ከወጣች በኋላ ሱቅ የለም፤ ያለው ከወደብ የተጫነው ነው። «ጾም ነው» ብትያቸው አይገባቸውም። «ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላል፣ ወተት፣ ቅቤ አልበላም» ብለሽ አንድ በአንድ ዘርዝሪ። ሩዝ፣ ባቄላ፣ ፕላንቴን፣ አትክልት እንደሆነ አይጠፋም። እኔ ብሆን በርበሬና ሽሮ ሳልይዝ አልወጣም ነበር፤ ግን ጥሬ ምግብና ዘር ደሴቱ ላይ በጥብቅ ይፈተሻል። ምን ማስገባት እንደሚቻል አስቀድመሽ አጣሪ።

መልስ፦ ጋሽ መንገዱ

ልጄ፣ ካሽ መያዝ አትርሱ። የፓርኩ መግቢያ ከነሐሴ 2024 እ.ኤ.አ. ወዲህ ለውጭ አገር አዋቂ ሰው 200 ዶላር ሆኗል፤ በፊት 100 ነበር። ኪቶ ወይም ጓያኪል ኤርፖርት ላይ ደግሞ ወደ ደሴቶቹ ለመሄድ የሚያስፈልገው የመሸጋገሪያ ካርድ 20 ዶላር ነው። መርከቧ ከፍላላችሁ እንደሆነ ደረሰኙን እዩት። ኢኳዶር የምትገበያየው በአሜሪካ ዶላር ነው፣ ምንዛሬ አያስፈልግም። ለጋይዱና ለመርከብ ሠራተኞቹ ቲፕም በካሽ ነው የሚሰጠው።

ሌላው፣ ከእንስሳቱ 2 ሜትር መራቅ ሕግ ነው። ችግሩ የባሕር አንበሳ ግልገሎች ሕጉን አያውቁም፣ ራሳቸው መጥተው ፊኑን (እግርሽ ላይ የምታደርጊውን የዋና መቅዘፊያ) ይነክሳሉ። እጅሽን ሰብስበሽ ዝም በያቸው። ትልቁ ወንዱ እየጮኸ ዳር ዳሩን ሲመላለስ ካየሽ ግን ጋይዱ ወዳለበት ጠጋ በይ፣ እሱ ጨዋታ አያውቅም።

ሰሊ ከሜሪላንድ

ጋሼ፣ ሁላችሁም፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የገንዳውን ልምምድ ቅዳሜ እጀምራለሁ። አንድ የመጨረሻ፦ መነጽር ነው የማደርገው። ያለ መነጽር ኢጉዋናውና ድንጋዩ አይለዩኝም።

ዘላኑ

መነጽሩ ከማስኩ ሥር አይገባም። ቁጥር ያለው ማስክ አለ። ቁጥርሽን ለመርከቡ ጻፊላቸው፣ ከሌላቸው እዚያው አሜሪካ ግዢና ይዘሽ ሂጂ። ገንዳው ላይም በሱው ተለማመጂ።