የነፃ ሕግ ድጋፍ ማዕከላችን እኔ ስሄድ እንዳይዘጋ ምን ላድርግ?

መምህሩ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በአንድ የክልል ዩኒቨርሲቲ ሕግ አስተምራለሁ። ፍርድ ቤት ግቢ ውስጥ አንዲት ክፍል ተሰጥታን ነፃ የሕግ ድጋፍ እንሰጣለን። ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ ኮምፒውተርና ቀለም ያለቀበት ፕሪንተር አለን። ከማስተማሩ ጎን ለጎን አስተባባሪው እኔ ነኝ፤ አራት ዓመት ሆነኝ።

ብዙ የሚመጡልን ቀለብ የሚጠይቁ እናቶች ናቸው። ደመወዝ የተከለከሉ ሠራተኞች፣ የባላቸው ወንድም መሬታቸውን የያዘባቸው ሴቶችም አሉ። በከባድ ወንጀል የተከሰሰ ደሃ ቢያንስ መንግሥት ተከላካይ ጠበቃ ያቆምለታል። በፍትሐ ብሔር ግን ደሃ ብቻውን ነው።

መስከረም ላይ ለትምህርት እሄዳለሁ። ያስጨነቀኝም እሱ ነው። አምና ታምሜ ሦስት ሳምንት ስቀር ማዕከሉ ተዘግቶ ከረመ። ቁልፉ እኔ ኪስ ነበር! ከሥራ የተባረረች የሻይ ቤት ሠራተኛ ሁለቴ መጥታ በሩ ዝግ ሆኖባት ተመልሳለች። እኔ ሳገኛት ወደ ሥራ ለመመለስ ክስ የሚቀርብበት ሦስት ወር አልፏል። እስካሁን ይከነክነኛል።

ተማሪዎቹ ጎበዞች ናቸው፤ ግን አምስተኛ ዓመት ሲደርሱ ሐሳባቸው ሁሉ መውጫ ፈተናው ላይ ነው። ኃላፊዎቹን ስጠይቅ «ጎበዝ መምህር እንመድባለን» ይሉኛል። ጎበዝ መምህርማ ሞልቷል። እንቅልፍ የሚነሳው ሰው ነው ያጣሁት። እንደዚህ ያለ ሰው እንዴት ይፈጠራል?

ባለካባው፦
ወንድሜ፣ መጀመሪያ ቁልፉን አስቀርጽ። ቀልዴን አይደለም።

እኔ አዲስ አበባ ጠበቃ ነኝ። የፌዴራል ጠበቆች ሥነ ምግባር ደንብ፣ ቁጥር 57/1992፣ በዓመት ቢያንስ 50 ሰዓት በነፃ ወይም በአነስተኛ ክፍያ እንድናገለግል ያዝ ነበር። እውነቱን ልንገርህ፣ «ኑና እርዱን» ብትለን አንመጣም። «ሐሙስ 3 ሰዓት የቀለብ መዝገብ አለ፣ ያዝልኝ» ብትል ግን እምቢ የሚልህ ጥቂት ነው። ተተኪህ ሕግ ከማወቅ በላይ ስልክ አንስቶ ሰው መለመን የማያፍር ይሁን። ከተማህ ያሉትን ጠበቆች አሁን አብራችሁ እየዞራችሁ አስተዋውቀው።

እትዬ፦
ልጄ፣ እኔ በደህናው ጊዜ የኢትዮጵያ ሴት ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር በጎ ፈቃደኛ ነበርኩ። አመራር ሲባል ሁሉም ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊን ያነሳል። ከማኅበሩ መሥራቾች አንዷ ነበሩ፤ በ2011 የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዝዳንት ሆኑ። ያኮራል።

እኔ የምነግርህ ግን ሌላ ነው። የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ 621/2001 ሲመጣ በመብት ላይ የሚሠራ የአገር ውስጥ ማኅበር ከገቢው ከ10 በመቶ በላዩን ከውጭ እንዳያገኝ ተከለከለ። ሠራተኛ ተቀነሰ፣ ቢሮው ቀዘቀዘ። እኛ ከተማ ሥራውን ያላቆመችው አንዲት አዋላጅ ነርስ ናት። ሕግ ያስተማርናት ስድስት ቀን ብቻ ነው፤ ሌላውን ቀበሌና ፍርድ ቤት አብራን ስትመላለስ ለመደችው። ሁሉንም በአንድ ደብተር ትይዝ ነበር። ተማሪ ተመርቆ ይሄዳል፣ አዋላጅ ግን የትም አትሄድም።

ራፖር ጸሐፊ ነኝ፦
እኛን ረሳችሁን? ፍርድ ቤት በር ላይ ለባለጉዳይ ማመልከቻ እየጻፍኩ 17 ዓመት ተቀምጫለሁ። ባለጉዳይ መጀመሪያ የሚያገኘው እኔን ነው። በደሃ ደንብ፣ ማለትም ያለ ዳኝነት ክፍያ፣ ለመክሰስ የቀበሌው ማስረጃ ምን ቢጎድለው እንደሚመለስ ከናንተ ተማሪዎች እኔ አውቃለሁ።

እኛም ሰፈር እንደናንተ ያለ ማዕከል ሲከፈት እንጀራችንን ሊዘጉ ነው ብለን አኩርፈን ነበር። ማንም አላናገረንም። አንድ ሻይ ቢጋብዙን ኖሮ ገንዘብ የሌለውን ሁሉ እልክላቸው ነበር። ከሱ ምን አገኛለሁ? ምርቃት ብቻ።

መምህሩ፦
ቁልፉን ዛሬ በሦስት ቅጂ አስቀረጽኩ። አንዱን ለአንዲት የሦስተኛ ዓመት ተማሪ ሰጠሁ፤ ለመመረቅ ገና ሁለት ዓመት ይቀራታል። ባለጉዳይ ስታናግር እኔ አፌን መያዝ አቅቶኝ ጣልቃ እየገባሁ ነበር፤ ከነገ ጀምሮ ወንበሬን ይዤ ውጭ እቀመጣለሁ። ከራፖር ጸሐፊዎቻችን ጋር ደግሞ ቅዳሜ ሻይ አለን። ተማሪዋም ትመጣለች።

እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። ያ ደብተር ላይ ምን ምን ይጻፍ ነበር?

እትዬ፦
የባለጉዳይዋ ስም፣ የመጣችበት ቀን፣ ወዴት እንደላክናት፣ የክሱ ጊዜ የሚያልፍበት ቀን። የመጨረሻዋን በቀይ።