አባታችን በእህቴ ሠርግ ላይ የደንብ ልብሳቸውን ከሰማያዊ መለዮው ጋር ቢለብሱ ተገቢ ነውን?

የአዌቱ ልጅ (ጠያቂ)፦
ለተከበራችሁ አንባቢያን ሰላምታዬን አቀርባለሁ። አባታችን ለብዙ ዓመታት በመከላከያ ሠራዊት አገልግለው በሃምሳ አለቃ ማዕረግ በክብር የተሰናበቱ፣ ከአገልግሎታቸውም አንዱን ዙር በሱዳንና በደቡብ ሱዳን ድንበር ላይ ባለችው በአብዬ በሰላም አስከባሪነት የፈጸሙ ሰው ናቸው። በመጪው ወር እህቴ እዚሁ ጅማ ስለምትዳር፣ አባታችን የደንብ ልብሳቸውን፣ የተባበሩት መንግሥታት ዓርማ ያለበትን ሰማያዊ መለዮ እና ከአብዬ ያገኙትን ሜዳልያ ከሣጥን አውጥተው፣ ይህንኑ ለብሰው ሙሽራዋን ሊሸኙ አስበዋል። እናታችንም ልብሱን ተኩሳ ሰቅላዋለች። ይሁን እንጂ አንድ ጎረቤታችን ከሠራዊቱ የወጣ ሰው ይህን መልበስ እንደማይፈቀድለት ስለነገሩኝ፣ በዕድምተኛው ፊት ክፉ ቃል እንዳይሰነዘርባቸው ሰግቻለሁ።

ሌላም ጉዳይ አለ። ውትድርናን ፈጽሞ የማያውቀው ታናሽ ወንድሜ ከሰልባጅ ተራ የገዛውን ሬንጀር ጃኬት ለብሶ፣ ክንዱ ላይ የአባታችንን የአብዬ ዓርማ አሰፍቶ፣ ከሚዜዎቹ ጋር ፎቶግራፍ ሊነሣ ተዘጋጅቷል። ይህን የሚያደርገው አባቱን ለማክበር እንደሆነ ይናገራል፤ እኔም አምነዋለሁ። ደንቡን የምታውቁ ብታስረዱኝ በእጅጉ አመሰግናለሁ።

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ወንድሜ፣ በቅድሚያ አባትህን እንኳን ደስ ያለዎት በልልኝ። ጥያቄህ አንድ ይምሰል እንጂ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ይዟል፤ ልብሱ፣ መለዮው እና ሜዳልያው የየራሳቸው ባለቤት አላቸው።

የደንብ ልብሱ የሠራዊቱ ነው። በአገልግሎት ላይ ያለ ወታደር ለሠርጉ የክብር ልብሱን ቢለብስ የሚያምር ነገር ነው፤ ምክንያቱም በዚያ ሰዓትም ቢሆን በማዕረጉ ታዛዥም አዛዥም ነውና። የተሰናበተ ሰው ግን ማዕረጉ በስሙ ፊት በክብር ይጠራለታል እንጂ የማዘዝ ሥልጣኑ ከእርሱ ጋር የለም። ስለዚህ አባትህ የግድ መልበስ ከፈለጉ ከሠራዊቱ በጽሑፍ ፈቃድ መጠየቅ ይኖርባቸዋል፤ ያለ ፈቃድ ባያደርጉት እመክራለሁ።

ሰማያዊው መለዮ ደግሞ የተልእኮው ነው። ይህ ቀለም ለውበት የተመረጠ እንዳልሆነ ብዙ ሰው አያውቅም። እ.ኤ.አ. በ1956 በስዊዝ ቦይ ቀውስ ጊዜ የመጀመሪያው የተባበሩት መንግሥታት የሰላም አስከባሪ ጦር ወደ ግብፅ ሲገባ፣ ከተለያየ አገር የመጡት ወታደሮች ከተፋላሚዎቹ ጋር እንዳይምታቱ ሲባል የራስ ቁራቸው ሰማያዊ ተቀባ። ምልክቱ ከሩቅ ለሚያይ ሰው «እኔ ለመዋጋት የመጣሁ አይደለሁም» ብሎ የሚናገር ነው። እ.ኤ.አ. በሰኔ 2011 የተቋቋመው የአብዬ ተልእኮም ይህንኑ ለብሷል። ግዳጁ ሲያበቃ የመለዮው ንግግርም ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ቦታው ሣጥን ወይም የግድግዳ መስታወት ነው።

ሜዳልያው ግን የአባትህ የራሳቸው ነው፤ ማንም አይወስድባቸውም። የተባበሩት መንግሥታት ሜዳልያ በግዳጁ ላይ ቢያንስ 90 ቀን ላገለገለ ሰው በስሙ የሚሰጥ ሲሆን፣ አገልግሎቱ ሲራዘም ሪባኑ ላይ ቁጥር ይጨመርበታል። በጥሩ ሙሉ ልብስ ላይ፣ በግራ ደረት፣ በኮቱ ኪስ ከፍታ ያድርጉት። የአገር ውስጥ ሜዳልያ ካላቸው ቀዳሚው ስፍራ የእርሱ ነው፤ የተባበሩት መንግሥታቱ ከእርሱ ቀጥሎ ይሰለፋል። የቃኘው ሻለቃ ዘማቾች የኮሪያ ሜዳልያቸውን ደርድረው በበዓል ቀን ሲቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ። ያ ሜዳልያ ለእኛ ወታደሮች በአማርኛ ተጽፎበት የተሠራ ነበር፤ ባየሁት ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ልብስ ሰፊ ከጅማ መርካቶ፦
ስለ ታናሽ ወንድምህ የምለው ይኖረኛል። የማዕረግ ምልክትና የግዳጅ ዓርማ ስፉልን የሚሉ ወጣቶች ወደ ሱቄ ይመጣሉ። ቀደም ባለው ጊዜ እሰፋ ነበር፤ አሁን ግን መታወቂያ ካላየሁ አልሰፋም። ምክንያቱን ልንገርህ። አንድ ጊዜ የሰፋሁለትን ጃኬት የለበሰ ወጣት መነኻሪያው አጠገብ ቆሞ ሳለ፣ አንዲት እናት መጥተው ትከሻውን ስመው ልጃቸው በግዳጅ ላይ እንዳለና ድምፁን ከሰሙ ብዙ ጊዜ እንደሆነ ነገሩት፤ የት እንዳለም ያውቅ እንደሆነ ጠየቁት። ወጣቱ የሚመልሰው አጣ። እኔ ከዚያው ቆሜ ነበር፤ መርፌዬ የዋሸ ያህል ተሰማኝ። ያን ምልክት ሰው ያነበዋል፤ የሚያነበው ሰው ደግሞ ልጁን የሰጠ ሊሆን ይችላል።

ሕግ አጥኚ፦
ከላይ የተሰጠው ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ጥቂት ልጨምር። የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕጋችን ያለ መብት የወታደር የደንብ ልብስ፣ ኒሻን ወይም ምልክት ማድረግን ያስቀጣል። የተባበሩት መንግሥታት ዓርማም ቢሆን እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1946 በጠቅላላ ጉባኤው በወጣ ውሳኔ የተጠበቀ ነው፤ ያለ ዋና ጸሐፊው ፈቃድ ሊጠቀሙበት አይገባም። ወንድምህ በጃኬቱ ወደ አዲስ አበባ መንገድ ቢወጣ ኬላ ላይ የሚያስቆመው ፖሊስ የአባት ፍቅሩን ሊያውቅለት አይችልም።

የጂሬን ነዋሪ፦
በዓድዋና በአርበኞች ቀን ልጆችና የልጅ ልጆች ጎፈርና ጋሻ ይዘው ይወጡ የለምን? ታዲያ አንድ ልጅ የአባቱን ሜዳልያ ቢያደርግ ምን ነውር አለው?

ጡረተኛው መቶ አለቃ፦
ጥያቄዎ ተገቢ ነው። ጎፈርና ጋሻ ለብሶ የወጣን ወጣት ዓድዋ ላይ የተዋጋ ነው ብሎ የሚሳሳት ሰው የለም፤ የዛሬውን ሠራዊት ምልክት ያደረገውን ግን ሁሉም ወታደር ነው ብሎ ያምናል። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። አውስትራሊያን በመሳሰሉ አገሮች የዘማች ልጆች የአባታቸውን ሜዳልያ በቀኝ ደረት ያደርጋሉ፤ የቀኙ ወገን «ይህ የእኔ አይደለም» የሚል መግለጫ ነው። አባት በሕይወት ሳሉና እዚያው ሠርግ ላይ ቆመው ሳለ ግን ሜዳልያው ከእርሳቸው ደረት ሌላ ስፍራ የሚፈልግ አይመስለኝም።

የአዌቱ ልጅ፦
ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ትናንት ማታ ጽሑፋችሁን ለአባታችን አነበብኩላቸው። የልብስ ሰፊውን ታሪክ ሲሰሙ ጥቂት ዝም ብለው ቆዩ፤ ከዚያም ጥቁሩ ሙሉ ልብሳቸው እንዲተኮስላቸው እናታችንን ጠየቁ። ሜዳልያውን በግራ ደረታቸው አድርገው ሙሽራዋን ይሸኛሉ። ወንድሜ ጃኬቱ ላይ ያሰፋውን ዓርማ ደግሞ አባታችን ራሳቸው በምላጭ ክሩን እየፈቱ አነሡት፤ አጣጥፈውም ከመለዮው ጋር ወደ ሣጥኑ መለሱት።